ከበሩ ያላለፈው ጊታር

አባቴ ጎሚስታ ነው። ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በሠራት ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ ኖሯል። ሌሎች ጎሚስታዎች ካላማዳሪያውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ይነፉና ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋሉ። እሱ አይነክርም። ጆሮውን ያስጠጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ካላማዳሪያውን ቀስ እያለ ያዞረዋል፣ ከዚያ አውራ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ ጫን አድርጎ "እዚህች ጋ" ይላል። በሩ ላይ ውሃ የተሞላ ገንዳ ያስቀመጠው ለማያምኑት ደንበኞች ነው። ነክረው ያያሉ። እዚያችው ጋ ነው።

ይህን ያስቀደምኩት የማወራው ነገር የዚሁ ጆሮ ነገር ስለሆነ ነው። ሚስማር የወጋትን ቀዳዳ ሳያይ የሚያገኝ ሰው የገዛ ልጁን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልሰማውም። እኔ ደግሞ ንዴቴ ቶሎ ስለሚመጣ በዚህ ስንት ጊዜ እንደተናደድኩ አልነግራችሁም።

ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ጊታር የጀመረው በጸሎት ቤታችን ነው፤ ኳየሩ ሁለት ክር የጎደለው አሮጌ ጊታር ነበረው፣ እሱም በቀረው አራት ክር ተማረ። በሃያ ዓመቱ የእሁድ ጊታር ተጫዋች ሆነ። ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ መሃል ባለ አንድ ሆቴል መጫወት ጀመረ። ለእኛ ቤት ዓለም ላይ ያለው ዜማ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ መዝሙርና ዘፈን። መዝሙሩ የጌታ ነው፣ ዘፈኑ የዓለም ነው፣ መሃል ላይ የቆመ ነገር የለም። ወንድሜ ቅዳሜ በአንዱ፣ እሁድ በሌላው በኩል ሆኖ ተገኘ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ከኳየር ይውጣ አሉ። አባቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። ድምፅ ሲሰጥ እሱም እጁን አወጣ።

ወንድሜ በሳምንቱ አዲስ አበባ ገባ። አባቴ አላባረረውም። በዓል በመጣ ቁጥር ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከአባቴ ጋር ስለ ስንዴ አዝመራና ስለ መንገዱ ብልሽት ያወራል። "ልጅህ ምን ይሠራል?" የሚል ሰው ሲመጣ አባቴ "አዲስ አበባ ነው" ብሎ ይመልሳል፣ አዲስ አበባ መሆን ራሱ ሥራ ይመስል። አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጊታሩ ከግቢያችን በር አያልፍም። ይህን የተናገረው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። "ቤትህ ነው፣ ግባ። እሱ ግን ውጭ ይቅር።"

ውጭ ማለት እኔ ዘንድ ማለት ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ልብስ ስፌት ቤት ነበረችኝ። የአሰላ ብርድ ለሰውም ለእንጨትም አይራራም፤ ጭላሎ ተራራ ላይ ደመናው ከተቀመጠ ሦስት አራት ቀን አይነሳም። ስለዚህ ወንድሜ በመጣ ቁጥር ጊታሩ በጥቁር ሽፋኑ እንዳለ ካላለቁ ኮቶች መሃል መስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል። አንዷ ደንበኛዬ "ይኼ ደግሞ የየትኛው ወፍራም ሰውዬ ሱፍ ነው?" ብላ ጠይቃኝ ታውቃለች።

አጨዋወቱን ልንገራችሁ። ወንድሜ የሚጫወተው ጃዝ ነው፤ ግን የራሱን ድርሰት ሳይሆን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዘፈን ነው። ባጃጅ ውስጥ የሚጮኸውን፣ መናኸሪያ ላይ ረዳቶቹ የሚያፏጩትን ያነሳና መጀመሪያ ቃሉን ያወጣዋል። ከዚያ እኔ አሮጌ ቀሚስ ለማደስ እንደምፈታው ስፌት ስፌቱን ይፈታዋል። ፈጣኑን ያዘገየዋል። በባቲ ቅኝት ያለውን ዜማ ከሥሩ በጃዝ ኮርድ ይደግፈዋል። መሃል ላይ፣ እናቴ ሰርግ ቤት ስትገኝ የምታወጣውን የአርሲ ሴቶች ዘፈን ጭብጨባ በአውራ ጣቱ ወፍራሙ ክር ላይ ያስገባል። ሊጨርስ ሲል ደግሞ ከልጅነቱ ጸሎት ቤት የቀረች አንድ አጨራረስ አለችው፣ ሰው ሁሉ አብሮ "አሜን" ሲል ያለችዋ። ዘፈኑ ያው ዘፈን ነው፤ ሰሚው ግን "አውቀዋለሁ፣ የት ነበር የማውቀው?" እያለ ጭንቅላቱን ሲያክ ይቆያል።

እኔ ሙዚቃ አልተማርኩም፤ ከመተቸት ግን ማን ከለከለኝ? እየሰፋሁ እሰማዋለሁና "እዚህ ጋ ብብቱ ላይ ይዞታል፣ ትንሽ ልቀቀው" እለዋለሁ። ይስቃል። ከዚያ መለስ ብሎ ያንኑ ቦታ ላላ አድርጎ ይጫወተዋል፤ እውነትም ያምርበታል። አንዳንዴ ደግሞ የስፌት መኪናዬን በእግሬ ስረግጥ የሚወጣውን ምት ይከተላል። እኔ ስፈጥን ይፈጥናል፣ ክር ሲበጠስብኝ እሱም ያቆማል፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እስካሳልፍ ጣቶቹን ክሮቹ ላይ እንዳሳረፈ ይጠብቀኛል። በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ቀናት ብዙዎቹ በዚያች ቤት እንደዚያ ያለፉት ናቸው።

በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ባል ተገኘልኝ። "የሰው ሁሉ የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ ለራሷ ጨርቅ አለቀባት" ሲሉ የነበሩ ሴቶች አፋቸውን ያዙ። ሰውዬው ጎበሳ የሚያስተምር፣ ዝግ ያለ፣ እኔ ስናደድ የሚስቅ መምህር ነው። ጎበሳ ልኖር ነው፤ ስለዚህ ስፌት ቤቷ ልትዘጋ ነው። ወንድሜ ለወሬው ከአዲስ አበባ መጣ፣ አቀፈኝ፣ አሾፈብኝ፣ ከዚያ ጊታሩን በአገጩ እያሳየ "እሱስ የት ሊያድር ነው?" አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን እንባዬ መጣ። እስከዚያች ቀን ድረስ የአባቴን ቃል ሸክም ተሸክሜ የኖርኩት እኔ መሆኔን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ስሄድ ወንድሜ እንግዲህ ለበዓል ሲመጣ ጊታሩን አዲስ አበባ ትቶት ይመጣል፤ ቀጥሎ ራሱም መምጣቱን ይተዋል። እንደዚያ ነው የታየኝ።

በዚያው ቀን ምሳ ላይ "ወንድሜ በሰርጌ ይጫወታል" አልኩ። አባቴ ጉርሻውን አላምጦ እስኪውጥ ጠበቀና "የሰርጉ መዘምራን አሉ" አለ።

"ካልተጫወተ ሰርግ የለም!"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እኔም ካልኩት በኋላ ደነገጥኩ። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ስትደነግጥ ኦሮምኛዋ ይቀድማል። "ማሎ፣ ኢንተለ ኮ! እባክሽ ልጄ፣ በስንት ጾም ጸሎት የመጣ ባል ነው!" አለችኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። "አንተም እስኪ አስተውል። የሰርግ ፕሮግራም ሽማግሌዎቹ ያዩት የለ? ይኼንንም ይስሙት። ይሁን ካሉ ይሁን፣ አይሆንም ካሉ እሷም ትረፍ።"

እውነቷን ነው። በእኛ ጸሎት ቤት የሚያገባ ሰው የሰርጉን ዝርዝር በወረቀት ጽፎ ለሽማግሌዎቹ ያቀርባል፤ ማን ይዘምራል፣ ምን ይዘመራል፣ የሙሽራዋ ቀሚስ እጅጌ አለው ወይ ሳይቀር። ከኳየር የወጣ ሰው ይጫወት የሚል ግን ቀርቦላቸው አያውቅም። አባቴ እንጀራ ቆርሶ ወጡን ሁለቴ አጠቀሰ። "ዝም አይነቅዝም" ማለት ይወዳል። በመጨረሻ "ይስሙት" አለ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ዜማ ብቻ ይጫወት፣ ቃል አይኑረው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት እንሰማዋለን ብለው ላኩ። አንድ ነገር ጨመሩበት። የዜማዎቹን ስም አስቀድሞ እንዳይነግራቸው። "ስሙን ከነገርከን በስሙ እንፈርዳለን። ዝም ብለህ ተጫወት፣ እኛ በመንፈስ እንለያለን" አሉት። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ።

ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ ወጣት ሳለ የደረሰው አንድ መዝሙር አለ። አልተቀዳም፣ በመጽሐፍ አልገባም፤ በእኛ ቤት ብቻ፣ ማታ ስንጸልይ፣ ለራስ እንደሚነገር ነገር ቀስ ተብሎ ይዘመራል። ልጆች ሳለን ጮክ ስንል እናቴ ጣቷን አፏ ላይ ታደርግ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ መዝሙሩ እንደዚያ ነው ብዬ ነው ያደግኩት። ወንድሜ ያንን መዝሙር አንስቶ ስፌት ቤቴ ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሠራው። ከሥሩ ጃዙን አስገባ፣ ከእናቴ ጭብጨባውን ወሰደ፣ ከእኔ መኪና ምቱን ወሰደ፣ ክሮቹን ሳይሳሳ መታቸው። ያ የሹክሹክታ መዝሙር ተነስቶ መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን እግሬን ከመርገጫው ላይ አንስቼ አለቀስኩ።

"አባዬ ሲሰማው 'ይኼ የኔ ነው' ይላል" አለኝ። "ሌላ ምንም አልፈልግም። ጎበዝ እንዲለኝ አይደለም። የኔ ነው ይበል።"

ቅዳሜ ዕለት ካፊያ ነበር። የተሰበሰብነው የሰንበት ትምህርት ልጆች በሚማሩባት ክፍል ነው፤ ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ የሽማግሌዎቹ ጉልበት አገጫቸው አጠገብ ደርሷል። ሦስት ናቸው። ዋናው ሽማግሌ ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት ናቸው፤ ከተማው ውስጥ በመርፌ ያልወጉት ልጅ የለም። ሁለተኛው እህል ነጋዴ ነው። ሦስተኛው አባቴ። "ልጄ ስለሆነ እኔ ልውጣ" ብሎ ነበር፤ ጤና ረዳቱ "እርስዎ ደግሞ የሙሽራዋ አባት ነዎት፣ ይቀመጡ" አሉት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ።

ወንድሜ በመጀመሪያ የተጫወተው የፍቅር ዘፈን ነው። የባጃጅ ዘፈን፣ በዚያ ዓመት አሰላ ውስጥ ከዚያ ዘፈን ያመለጠ ጆሮ የለም። ግን እጅግ አዘግይቶት፣ ጨዋ አድርጎት፣ አሜኗን ጨምሮበት ነበር። መሃል ላይ ሲደርስ ቀና ብዬ ባይ ጤና ረዳቱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሲያልቅ "ጌታ ይባርክህ" አሉ። "ይህን መዝሙር እናቴ ስትዘምረው ትዝ ይለኛል።" ዘፈኑ ከወጣ ሁለት ዓመት አልሆነውም። እህል ነጋዴው "መንፈስ አለበት" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አባቴም "ጥሩ ነው" አለ። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ጉንጬን በውስጥ በኩል ነከስኩ።

ወንድሜ ግን አልሳቀም። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ አባቴን አየት አደረገው፣ ሁለተኛውን ጀመረ።

ክፍሏ ሞላች። ሌላ እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። እህል ነጋዴው እግሩ ወለሉን መምታት ጀመረ፤ ዝቅ ብሎ እግሩን አየውና እንደ ጥፋተኛ ልጅ ወንበሩ ሥር ከተተው። እኔ አባቴን ብቻ ነው የማየው። ጆሮውን ዘንበል አድርጓል፣ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ካላማዳሪያ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው። አሁን ይላል፣ አሁን "እዚህች ጋ" ይላል እያልኩ ጠበቅኩ።

አለቀ። ጤና ረዳቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይኼ እንኳ ለእስክስታ ነው" አሉ። እህል ነጋዴው እግሩ ስለመሰከረበት ሳይሆን አይቀርም ፈጥኖ "አዎ፣ ዓለማዊ ነው" አለ። ሁለቱም ወደ አባቴ ዞሩ።

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። "ዘፈን ነው" አለ። "ይቅር።"

ወንድሜ ጊታሩን ሽፋኑ ውስጥ አስገባው፣ ዚፑን ዘጋው፣ "እሺ አባዬ" አለ።

ስፌት ቤቴ እስክንደርስ ካፊያው መታን። ገብተን በሩን እንደዘጋሁ ጮህኩ። "ንገረው! አሁኑኑ ሂድና ንገረው! ዘፈኑን መዝሙር፣ መዝሙሩን ዘፈን ብለው ተነሱ እኮ! የገዛ መዝሙሩን!"

"አልነግረውም።"

"እኔ እነግረዋለሁ።"

"አንቺም አትነግሪውም።" ጊታሩን መስቀያው ላይ ሰቀለው። "ከነገርነው የኔ ነው ይላል፣ ለኔ ብሎ ይላል። እኔ እንዲሰማው ነበር የፈለግኩት። አልሰማውም፣ በቃ። ቃል ግቢልኝ።" ፊቱን አይቼ ቃል ገባሁ። ያን ቀን ስንት ስፌት እንዳበላሸሁ አይጠየቅም።

ሁለት ቀን ቻልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ወደ አባቴ ሥራ ቦታ ሄድኩ። ቃሌን ላፈርስ አልነበረም፤ ልጣላው ነበር። በምን እንደምጣላው ግን አላሰብኩም። አባቴ የጭነት መኪና ጎማ ከብረት ቸርኬው አላቅቆ ካላማዳሪያውን እያወጣ ነበር፤ ሾፌሩ ቁርስ ሊበላ ሄዷል። ኮምፕረሰሩ ይጮሃል። ቆሜ ጠበቅኩት። ነፍቶ ሲጨርስ ኮምፕረሰሩን አጠፋው፣ ያን ጊዜ በአፍንጫው እያንጎራጎረ እንደሆነ ሰማሁ።

የከለከለውን ዜማ ነው የሚያንጎራጉረው። ምቱን ሳይቀር። ሳያውቀው ጆሮው ውስጥ ገብቶ ቀርቶ፣ እጁ ሲሠራ እሱ ብቻውን ይወጣል። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ቃሌ ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

አባቴ ካላማዳሪያውን አነሳ። ጆሮውን አስጠጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሲያዳምጥ ሁልጊዜ እጁ ይዘገያል። እጁ ሲዘገይ በአፍንጫው የያዘው ዜማም አብሮ ዘገየ። ካላማዳሪያው ቀስ፣ ዜማው ቀስ። ድምፁም ወረደ፣ ሹክሹክታ ሆነ። ካላማዳሪያው ሩቡን ሳይዞር እጁ ቆመ።

"ይኼ…" አለ። ደግሞ አንጎራጎረው፣ ቀስ አድርጎ፣ ማታ ማታ እንደምንዘምረው። "ይኼ የኔ ነው እኮ።"

ዞሮ ሲያየኝ እያለቀስኩ ነበር። ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀኝም። ካላማዳሪያውን መሬት አስቀመጠና አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

"ጮክ ብሎ ሰምቼው አላውቅም" አለ።

ከዚያ እስከ ዛሬ ያልነገረንን ነገረኝ። ሲሬ ከተማ እያለ፣ በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቶች በታሸጉበት ዘመን፣ ዐሥር አሥራ አንድ ሆነው የአንድ ገበሬ ገብስ ጎተራ ውስጥ ይሰበሰቡ ነበር። ድምፅ እንዳይወጣ ጆንያውን ዙሪያውን ይደረድሩታል። ማጨብጨብ የለም። መዝሙሩን እዚያ ነው የደረሰው። "እኔ ግን በር ላይ ነበር የምቆመው" አለኝ፣ እጁን እያየ። "ጆሮ አለህ ብለው። ኮቴ ስሰማ እስላለሁ፣ ሁሉም ዝም ይላል። እነሱ መዝሙሬን ሲዘምሩ እኔ ኮቴ ነበር የማዳምጠው። ልጄ፣ እኔ ያን መዝሙር አንድም ቀን ቁጭ ብዬ ሰምቼው አላውቅም።"

ላቅፈው ፈለግኩ፤ በእኛ ቤት አባት አይታቀፍም። እጁን ያዝኩት፣ በግራሶ የተለወሰ ነበር፣ አልለቀቅኩትም። ትንሽ ቆይቶ "ወንድምሽ አውቆ ነው የተጫወተው?" አለኝ። አዎ አልኩት። "እንዳወቅሁ አትንገሪው" አለኝ። "ቃል ግቢልኝ።"

እንግዲህ እኔን ተመልከቱኝ። አንዱ ለአንዱ እንዳትነግሪ ብሎ፣ ሌላውም ለሌላው እንዳትነግሪ ብሎ፣ ሁለቱም በእኔ አፍ ላይ ቁልፍ አድርገው አስራ ሁለት ቀን ኖርን። ምስጢር ይዤ አላውቅም። ቀሚሴን ስለካ እናቴ "ከስተሻል፣ ምን ሆነሻል?" ትለኛለች። "ፍቅር ነው" እላታለሁ።

ሰርጉ ደረሰ። ቃል ኪዳኑ ጸሎት ቤት ከተፈጸመ በኋላ ምሳው በደጃችን፣ ከግቢያችን በር ውጭ መንገዱ ላይ በተተከለው ድንኳን ነበር። ወንድሜ በዝርዝሩ መሠረት ተነስቶ የተፈቀደለትን ተጫወተ። ከኋላ የተቀመጡት የባጃጅ ልጆች በሦስተኛው ምት አወቁት። እርስ በርስ ተያዩ፣ አንዱ አፉን በእጁ ያዘ። ከፊት ደግሞ ጤና ረዳቱ ዓይናቸውን ጨፍነው "አሜን፣ አሜን" ይላሉ። ባሌ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ "ይኼ ያ ዘፈን አይደለም እንዴ?" አለኝ፤ እግሩን ረገጥኩት።

ወንድሜ ጨርሶ ሊቀመጥ ሲል አባቴ ለቡራኬ ማይኩን ያዘ። ባርኮ ይጨርሳል ብለን ስንጠብቅ "አንድ ምስክርነት አለኝ" አለ። በእኛ ዘንድ ምስክርነት ያለውን ሰው ማንም አያስቆመውም።

"ልጄ በሽማግሌዎች ፊት ሁለት ዜማ ተጫውቶ ነበር" አለ። "አንዱን ዘፈን ነው ብለን ከለከልን። እኔም ከለከልኩ። ዘፈን አልነበረም። እኔ በወጣትነቴ የደረስኩት መዝሙር ነው። የሰው ጎማ ሳዳምጥ የኖርኩ ሰውዬ የራሴን አላወቅሁትም።" ወደ ወንድሜ ዞረ። "ልጄን በሰው ፊት ከልክዬዋለሁ፤ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ልጄ ይቅር በለኝ። አሁን ተጫወተው። ዛሬ በር ላይ የሚቆም የለም።"

ወንድሜ የመጨረሻውን አልገባውም፤ የጎተራውን ነገር እስከዚያ ሰዓት አልሰማማ። ግን ወደ አባቴ ሲያይ ፊቱ የስምንት ዓመት ልጅ ፊት ነበር። ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። በሦስተኛው ያዘው።

አባቴ ቃሉን ጀመረ። በሹክሹክታ ነው የጀመረው፤ ሌላ አያውቅማ። ማይክ ይዞ ያንሾካሽካል፣ ጊታሩ ይሮጣል፣ ሁለቱ አይገናኙም። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች፣ ያንን የአገሯን ጭብጨባ አጨበጨበች፣ ቃሉንም በሙሉ ድምፅዋ አወጣችው። ሴቶቹ ተከተሏት። የአባቴ ድምፅ ከፍ አለ፣ ተሰነጠቀ፣ እንደገና ከፍ አለ። ከምቱ ወጥቶ ነበር፣ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል። ወንድሜ ክሬ ሲበጠስ እኔን ይጠብቀኝ እንደነበረው ጣቶቹን ክሮቹ ላይ አሳርፎ ጠበቀው፤ ሲደርስለት ደግሞ ይዞት ሄደ። እህል ነጋዴው በሁለቱም እግሩ ነበር መሬቱን የሚመታው።

ከዚያ በኋላ ጤና ረዳቱ መጥተው ተሳስተናል ብለው ወንድሜን አቀፉት። ወደ እኔም ዞር አሉና "የመጀመሪያውን መዝሙር ግጥም ግን ጻፊልኝ፣ ለሽማግሌዎች ኅብረት እናስተምረዋለን" አሉኝ። "እሺ ጋሼ" አልኳቸው። እስካሁን አልጻፍኩላቸውም።

ጎበሳ በጊዜ ለመግባት ገና ፀሐይ ሳለ ወደ መኪናው ሄድን። ከጭላሎ በኩል ነፋሱ መጥቶ የድንኳኑን ሸራ ያራግበዋል። ገብቼ ቀሚሴን ስሰበስብ ወንድሜ በመስኮቱ መጣ። ሳመኝ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት እንዳደረገው ጊታሩን በሽፋኑ አንስቶ ወደ እኔ ዘረጋው፤ እኔም ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። በዚያው ቆምን። ስፌት ቤቷን ከዘጋሁ ሳምንት ሆኖኛል፤ መስቀያዎቹን እንኳ ሸጫለሁ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ሳቁ ግን አልበረከተም። እሱ ጊታሩን እንደያዘ ወደ ግቢያችን በር አየ፣ ወደ መንገዱም አየ።

አባቴ ከየት እንደመጣ አላየሁትም። ጊታሩን ከወንድሜ እጅ ወሰደው። ሲወስደው በማንገቻው ሳይሆን በሁለት እጁ፣ ከሥሩ ደግፎ ነው።

"አንቺ ሂጂ" አለኝ። "ውጭ ብርድ ነው፣ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።" የግቢያችንን በር በትከሻው ገፋ አደረገና ይዞት ገባ።